«ኢንች 25 ሚሊ ነው» ካሏችሁ ገንዳችሁን ይዛችሁ ውጡ

ትናንት ከሰዓት የሆነ ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፤ ጽሁፉ ቢንጋደድ ይቅር በሉኝ። ጎንደር ውስጥ የዓሣ ገንዳ ለማስበሳት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ይችን አንብቡ።

የሱቁን ስም አልጽፍም። ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። በሩ ላይ የአሉሚኒየም ፍሬም ተደርድሯል። ጥጉ ላይ የሻወር መስታወት ቆሟል። ከጀርባ ደግሞ የቧንቧ ዕቃ ይሸጣል። ባለቤቱ ወንበሩ ላይ ተንፈላሶ ስልኩን እየነካካ፣ ለሁሉም ነገር «ቀላል ነው» ይላል። አምጣው፣ ቀላል ነው። እናስተካክለዋለን፣ ቀላል ነው። ቀና ብሎ የሚያያችሁ ገንዘብ ስትቆጥሩ ብቻ ነው።

ገንዳዬ 1 ሜትር ርዝመት፣ 40 ሳንቲ ወርድ፣ 50 ሳንቲ ቁመት አለው። 200 ሊትር ይይዛል። ይይዝ ነበር ልበል እንጂ። ከተማ ከሚለቅ ሰው በ9,500 ብር ገዛሁት፤ ለአንድ መምህር ይሄ ገንዘብ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ሐሳቤ ከኋላው መስታወት ላይኛው ክፍል አንዲት ቀዳዳ ማስበሳት ነበር። ትርፉ ውሃ በቀዳዳዋ ይወርዳል፣ ከሥር ባለ ሳጥን ውስጥ ይጣራል፣ በፓምፕ ተመልሶ ይወጣል። ቀዳዳዋ ከፍ ያለችው ለመብራት ሲባል ነው። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም፣ ከቀዳዳዋ በላይ ያለው ውሃ ብቻ ወርዶ ይቆማል፤ ሳሎኑ አይጥለቀለቅም። የእኛን መብራት ለሚያውቅ ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም።

የሚያቃጥለኝ ደግሞ ተዘጋጅቼ መሄዴ ነው። ቴምፐርድ የሆነ፣ ማለትም በሙቀት የጠነከረ መስታወት እንደማይበሳ አንብቤያለሁ። መብሻው ፑንታ ሲነካው እንዳለ ወደ ፍርፋሪ ይለወጣል። ስለዚህ ከትናንት ወዲያ ማታ ገንዳውን በጎኑ አስተኝቼ መረመርኩት። ላፕቶፔን ነጭ ገጽ ከፍቼ ከመስታወቱ ጀርባ አቆምኩ። የባለቤቴን ወንድም ፖላራይዝድ መነጽር ተውሼ፣ ጭንቅላቴን እያዘነበልኩ በዚያ አየሁ። የገንዳው ወለል መስታወት ላይ ጥላ ጥላ የመሰለ ዥንጉርጉር መጣ። እሱ ቴምፐርድ ነው ማለት ነው። የኋላው ግን ንጹህ ነው፤ ተራ መስታወት። ባለቤቴ «የሌሊት መነጽር ምንድነው?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ኮራሁ። ከባዱን ፈተና ያለፍኩ መስሎኝ ነበር።

ጠዋት ከዚያው ሱቅ ዕቃውን ገዛሁ። ለሮቶ የሚገጠመውን ባለ ዳዶና ባለ ጎማ ማያያዣ፣ አንድ ኢንች። ሦስት ሜትር ፒፒአር የሚባል የፕላስቲክ ቧንቧ። ለመብሻው 600 ብር ተባልኩ። «ቅድሚያ ነው» አለችኝ ሒሳብ የምትቀበለዋ ልጅ። ከፈልኩ። ደረሰኝ ስጠይቃት «በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ይጨምራል» አለች። እኔም ጀግናው፣ ይቅር አልኳት።

ከሰዓት ገንዳውን በአማቴ ጋቢ ጠቅልዬ፣ ከባጃጁ ሹፌር ጋር ተሸክመን አስገባነው። የሚበሳው ልጅ ገና ወጣት ነው። በእውነት እሱን አልወቅሰውም። ገንዳውን በፊቱ አስተኝቶ ብርድ ልብስ አነጠፈለት። ትክክለኛውን ዓይነት ፑንታ አወጣ፤ ጫፉ አልማዝ የተቀባ ቀለበት የሚመስለውን። ላዩ ላይ 25 ተጽፏል።

«ወንድሜ፣ ይች ትበቃለች?» አልኩት።

መልሱ ከወንበሩ መጣ። «ቲቸር፣ አንድ ኢንች ስንት ሚሊ ነው?»

«25.4» አልኩ።

መለስኩለት! እጄን አውጥቼ እንደሚመልስ ተማሪ።

«በቃ» አለ፤ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

አሁን ነገሩን ስሙኝ። 25.4 ልክ ነው። ስህተቱ ሌላ ቦታ ነው። የቧንቧ «አንድ ኢንች» የክሩ፣ ማለትም ዳዶው የሚጠመዘዝበት ጥርስ፣ ውፍረት አይደለም። ስያሜው የመጣው ከድሮው የብረት ቧንቧ የውስጥ ቀዳዳ ነው። የአንድ ኢንች ክር ከውጭ ሲለካ 33 ሚሊ ያልፋል። ሦስት አራተኛው 26 ሚሊ ያልፋል። ግማሽ ኢንቹ እንኳ 21 ሚሊ ይጠጋል። በ25 ሚሊ ቀዳዳ እንኳን አንድ ኢንች፣ ሦስት አራተኛውም አይገባም። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም። ማያያዣው ኪሴ ውስጥ ነበር። ሜትር ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ብለካው አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ለልጆች ዲያሜትር የማስተምር ሰው ነኝ እኮ።

ልጁ ጀመረ። በቀስታ፣ ሳይጫን፣ በሃይላንድ ውሃ እያንጠባጠበ። ነጭ ጭቃ እየወጣ ስድስት ሰባት ደቂቃ ሄደ። መጨረሻ ላይ ክብዋ ጠብ አለች። እንዴት ያለች ቀዳዳ መሰለቻችሁ! ጠርዟ ላይ ትንሽ እንኳ አልተፈረከሰም። ልጁን ትከሻውን መታ መታ አደረግሁት። ከኪሴ ማያያዣውን አወጣሁና ቀዳዳዋ ላይ አስቀመጥኩ።

እንደ ቆብ ላይዋ ላይ ተቀመጠ።

ባለቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንበሩ ተነሳ። መጣና አየ። ፊቱ አልተለወጠም። «እናሰፋዋለን፣ ቀላል ነው» አለ። «ግራይንደሩን አምጣው።»

ልጁ ግራይንደሩን ይዞ ቆመ። ባለቤቱን አየ፣ እኔን አየ። የዚያ ልጅ ዓይን «አይሆንም በል» ይለኝ ነበር፤ አሁን ነው የገባኝ። እኔ ምን አልኩ? «ይሆናል ብለህ ነው?» አልኩ። ይሄም ንግግር ሆኖ። ባለቤቱ «አንተ እዚያ ጋ ፈቀቅ በል፣ ዓይንህ ውስጥ እንዳይገባ» አለኝ። ፈቀቅ አልኩ። ለዓይኔ የተጨነቀልኝ መስሎኝ አመሰገንኩት ጭምር።

ምጣድ እሳት ላይ ሲሰነጠቅ የሚያሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ። ልክ እሱ ነው። ቋ! አንድ ጊዜ ብቻ። ከቀዳዳዋ አንዱ ስንጥቅ ወደ ላይኛው ጠርዝ ወጣ። ሌላው እየተጠማዘዘ እስከ ወለሉ ወረደ። ግራይንደሩ ጠፋ። ሱቁ ጸጥ አለ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። መስታወት ይሰበራል። የእጅ ሥራ ነው፤ ስህተት ያጋጥማል። «ይቅርታ፣ ተሳሳትን» ቢለኝ ምናልባት አንገቴን ደፍቼ እወጣ ነበር። ሰውየው ግን ወደ እኔ አልዞረም። ወደ ልጁ ዞረና፣ እኔ አጠገባቸው እንደሌለሁ ሁሉ፣ እንዲህ አለው፦

«ሒሳቡን ሳትቀበሉ አትጀምሩ የምላችሁ ለዚህ ነው።»

ለዚህ ነው! አያችሁ፣ ያውቅ ነበር። ግራይንደሩን ሲያስመጣም ያውቅ ነበር። «ፈቀቅ በል» ሲለኝም ያውቅ ነበር። ከእኔ በፊት ስንት ሰው እዚያው ቦታ ላይ ቆሞ እንደነበር ያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነገረችኝ። ሒሳብ ተቀባይዋ አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች። ልጁ መሬት መሬት ያያል።

ብሬን መልሱ አልኩ። «ብሱ ተባልን፣ በሳን» አለ። የገንዳውስ? «መስታወቱ አርጅቷል።» ከሳሽ ሆኜ ልሂድ ብል ደረሰኝ የለኝ። ይባስ ብሎ «ከፈለግህ አዲስ መስታወት ቆርጠን እንለጥፍልሃለን፣ ቀላል ነው» አለኝ። ዋጋውንም ጠራ። ስወጣ ልጅቷ «ቲቸር፣ ጋቢዎን ረሱ» አለችኝ።

ባጃጁ በግንቡ አጥር ሥር ሲያልፍ የተሰነጠቀውን ገንዳ አቅፌ ነበር። እኛ እኮ በየዓመቱ ለጥምቀት የቀሃ ወንዝ ውሃ የሚገባበት የፋሲል መዋኛ ያለን ሰዎች ነን። አባቶቻችን ያንን በድንጋይና በኖራ ሠርተው ውሃ ያዘላቸው። እኔ አንዲት ቀዳዳ አቃተኝ።

ቤት ስገባ ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። የሸጡልኝ ፒፒአር 25 ነው። ፒፒአር የሚጠራው በውጭ ውፍረቱ ነው፤ 20ው ከግማሽ ኢንች፣ 25ቱ ከሦስት አራተኛ፣ 32ቱ ከአንድ ኢንች ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ቀዳዳው ለማያያዣው አይሆንም፣ ቧንቧውም ለማያያዣው አይሆንም። ሰውየው 25 የምትባለውን ቁጥር ይወዳታል መሰለኝ፤ ፑንታውም 25፣ ቧንቧውም 25።

ለማንኛውም ለምታስበሱ፦ መጀመሪያ ማያያዣውን ግዙ። ክሩን ከውጭ በሚሊ ለኩት። አንድ ሁለት ሚሊ ጨምሩበትና ቁጥሩን በማርከር መስታወቱ ላይ ጻፉት፤ ኢንች የምትባል ቃል ከአፋችሁ አትውጣ። በቀዳዳው ጠርዝና በመስታወቱ ጠርዝ መካከል ቢያንስ የቀዳዳውን ስፋት ያህል ቦታ ተዉ። የተበሳን ቀዳዳ በግራይንደር ላስፋ የሚል ካለ እጁን ያዙት። ጎማው በውሃው በኩል ነው የሚገባው፣ ዳዶው በውጭ፤ እነሱ ገልብጠው ነው የነገሩኝ። ደረሰኝ ተቀበሉ፤ 15 በመቶው ይጨመር። ቢቻል ግማሹን ብቻ ክፈሉ።

ስድስቱ ጎልድፊሾች አሁን ወጥ ቤት ሳፋ ውስጥ ናቸው። ድመቷ እንዳትደርስባቸው ልጄ ወንፊት ከድናባቸዋለች፤ በየአሥር ደቂቃው እየከፈተች ትቆጥራቸዋለች። ከ60 ሳንቲ በላይ የሆነ ገንዳ የምትሸጡ ካላችሁ ጻፉልኝ። የተበሳ ከሆነ ደግሞ ቀዳዳው ስንት ሚሊ እንደሆነ ለክታችሁ።