ሳይንስን በዜማ ለሚያስተምሩ መምህርት የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

ልጆችን ሳይንስ በመዝሙር የሚያስተምሩ አንዲት መምህርት አሉ። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልወደዱ አልጠቅሰውም፤ ምስጋናዬን ግን በአደባባይ ማቅረብ እፈልጋለሁ። ሳይንስ ሲባል ፊቱ የሚጠቁር ልጅ ያላችሁ ወላጆች እስከ መጨረሻው ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል።

ከእርሳቸው በፊት ያየነውን ሳልናገር ባልፍ ምስጋናዬ ሙሉ አይሆንም። ልጄ ስትናገር ትንተባተባለች። ቀድሞ የምትማርበት ቦታ ትምህርቱ ሁሉ ቆሞ በቃል መወጣት ስለነበር፣ መልሱን እያወቀች ገና መጀመሪያው ላይ ስትያዝ አስጠኚዋ ቃሉን ከአፏ ነጥቀው ይጨርሱና «አላጠናሽም» ብለው ያስቀምጧት ነበር። ለምን ብለን ብንጠይቅ ልጅቷ ሰነፍ ናት ተባልን። «በመዝሙር እናስተምራለን» ያለን ሌላ ቦታ ደግሞ ጩኸቱ እንጂ ትምህርቱ አይሰማም፤ የሚያስዘምሩትም ዘጠኝ ፕላኔቶችን ነበር። ፕሉቶ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ድንክ ፕላኔት ተብሎ ከተመደበ ወዲህ ስንት ልጅ ተወልዶ አድጓል! ይህን ስናነሳ «ስምንት ካልን ዜማው አይገጥምም» የሚል መልስ ተሰጠን። የከፈልነውም አልተመለሰልንም።

እኚህ መምህርት ግን በመጀመሪያው ቀን ልጄ ስሟን ለመናገር ስትታገል ሳያቋርጧትና ሳይጨርሱላት በትዕግሥት ጠበቋት። ከዚያም ለክፍሉ በሙሉ «ዛሬ ጥያቄም መልስም በዜማ ብቻ ነው» የሚል ሕግ አወጡ። የሚንተባተቡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሲዘምሩ እንደማይደናቀፉ ያውቁ ኖሯል። ልጄን ብቻ ለይተው ዘምሪ ቢሏት ኖሮ አፍራ ትቀር ነበር፤ ሁሉም ሲዘምር ግን የሕጉን ምክንያት የጠረጠረ ልጅ አልነበረም። ውኃ በፀሐይ ሙቀት ተንኖ ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ እዚያም ቀዝቅዞ ደመና እንደሚሆንና ዘንቦ እንደሚመለስ፣ ልጄ ራሷ በፈጠረችው ዜማ አንድም ቃል ሳይዛት ተናገረች። በር ላይ ቆሜ እሰማ ነበርና እንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ከማለት በቀር ምን እላለሁ?

ዜማው ለማጫወቻ ብቻ የገባ እንዳይመስላችሁ። ልጆቹ እየዘመሩ ጉሮሯቸውን በእጃቸው እንዲዳስሱ ያደርጋሉ፤ ድምፅ ንዝረት መሆኑን በጣታቸው ካወቁት በኋላ ማን ይረሳዋል? አንድ ልጅ «ፕላኔቶች ሲዞሩ ድምፃቸው ይሰማል ወይ?» ብሎ በዜማ ሲጠይቃቸውም አላለፉትም። ድምፅ የሚተላለፍበት አየር፣ ውኃ ወይም ሌላ ቁስ እንደሚያስፈልገው፣ በፕላኔቶች መካከል ባለው ባዶ ሕዋ ግን እኛ የምንሰማው ድምፅ ሊያልፍ እንደማይችል አስረድተው፣ መልሱን ለመዝሙሩ አዲስ ስንኝ አደረጉት። ስለ ምቱና ስለ ቅኝቱ አመራረጥ እኔ የሚገባኝ ነገር የለም፤ ልጄ ግን እቃ ስታጥብም የደም ዝውውርን ትዘምራለች።

መንተባተቧ አልጠፋም፤ መምህርቷም አድናለሁ ብለው አያውቁም፣ እንዲያውም የንግግር ሕክምና ባለሙያ እንድናማክር የመከሩን እርሳቸው ናቸው። የጠፋው ሳይንስን መፍራቷ ነው። ልጆቻችሁን ወደ እርሳቸው ላኩ፤ ደግሜ እላለሁ፣ ላኩ። በአንድ ጊዜ የሚቀበሉት ጥቂት ልጆችን ብቻ ስለሆነ ፈጠን ብላችሁ በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።