«ሠርተው ይውሰዱ» የተባለው ኒዮን አይበራም

ሎስ አንጀለስና አካባቢው የምትኖሩ፣ በተለይ ለምግብ ቤታችሁ ወይም ለቡና ቤታችሁ የኒዮን ጽሑፍ በገዛ እጃችሁ ለመሥራት ያሰባችሁ፣ ለትምህርቱ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ 780 ዶላር ከፍዬ፣ አራት ቅዳሜ ተመላልሼ፣ ይዤ የተመለስኩት ባዶ የመስታወት ቱቦ ነው። ያውም የተገለበጠ።

እህቴ ቡና ቤት ልትከፍት ስትዘጋጅ «ቡና» የሚል የኒዮን ጽሑፍ በፊደላችን ሠርቼ ልሰጣት አሰብኩ። ያገኘሁት ማስታወቂያ በሚያበሩ ምልክቶች ፎቶግራፍ የተሞላ ነበር። «የራስዎን ኒዮን በእጅዎ ሠርተው ወደ ቤት ይውሰዱ፤ 12 ሰዓት ሙሉ የተግባር ትምህርት» ይላል። ክፍያው ቀድሞ የሚፈጸም፣ የማይመለስ ነው። ይህንንም አይቼ ከፈልኩ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሰባት ተማሪዎች ተገኘን። እሳቱ ሁለት ነበር፤ አንደኛው ከመነሻው ተበላሽቶ የቆመ። ሰባት ሰው በአንድ እሳት ማለት ነው። የኒዮን ማጠፍ ሥራ ደግሞ ሌላው ሲሠራ በማየት የሚያዝ አይደለም። 1.2 ሜትር ያህል የሚረዝመውን ቱቦ በሁለት እጅ ይዞ እሳቱ ላይ በእኩል ፍጥነት ማሽከርከር ያስፈልጋል፤ አንዱ እጅ ከሌላው ከቀደመ መስታወቱ እንደ ፎጣ ይጠማዘዛል። የቱቦው አንድ ጫፍ በቡሽ ይደፈናል፣ ከሌላው ጫፍ የሚነሳው ቀጭን የላስቲክ ቱቦ አፍ ውስጥ ይገባል። መስታወቱ ሲለሰልስ ግድግዳው ወደ ውስጥ ስለሚሟሽሽ፣ ከእሳት አውጥቶ ባጠፉት ቅጽበት በስሱ መንፋት ግድ ነው። ትንፋሹ ካነሰ ጉብጠቱ ይጠብባል፣ ከበዛ እንደ ፊኛ ያብጣል። ለዚህ ሁሉ ያለው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው። እንጀራ መጋገርን ምጣድ ዳር ቆሞ በማየት የተማረ ሰው አላውቅም፤ ይህም እንደዚያው ነው።

ከሁለተኛው ቅዳሜ ጀምሮ በስልኬ ሰዓት መያዝ ጀመርኩ፤ የመጀመሪያውን ቀን በግምት ጨመርኩበት። በአራቱ ቅዳሜ እሳት ላይ የቆየሁት በድምሩ 52 ደቂቃ ነው። በደቂቃ 15 ዶላር መሆኑ ነው።

አስተማሪውን ክፉ ሰው አልለውም። እጁ የተባረከ ባለሙያ ነው፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ከባድ ቦታ ሲደርስ «ቆይ፣ አንድ ጊዜ» ይልና ቱቦውን ከእጄ ይወስዳል። የ«ቡ» ቀኝ እግር ላይ የምትወጣውን ትንሽ ክንድ አስቡ፤ ቱቦው ወደ ውጭ ሄዶ በራሱ ላይ ተመልሶ መታጠፍ አለበት። ልማር የፈለግሁት ይህንን ነበር። እሱ ሠራው፣ እኔ አየሁ፣ አጨበጨብን።

መገልበጡ ደግሞ እንዲህ ነው። በዚህ ሙያ ንድፉ ፊት መመልከቻ ላይ እንደሚታይ ምስል ግራና ቀኙ ተገልብጦ ይነጠፋል፤ ፊደሉ ፊቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ስለሚታጠፍ ሲነሳ ቀጥ ብሎ ይነበባል። ለሌሎቹ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ የጻፉትን ገለበጠላቸው። የእኔን ግን ፊደሉን ስለማያውቀው እንዳለ አነጠፈው። እኔም በሥራው አዲስ ስለሆንኩ ዝም አልኩ። ውጤቱ ክንዱ በግራ የወጣ «ቡ» ነው። አዙሬ ልስቀለው እንዳልል፣ ወደ ኋላ መደበቅ የነበረባቸው መታጠፊያዎች ሁሉ ወደ ፊት ይመጣሉ። በአማርኛ፣ በዕብራይስጥ ወይም በሌላ አስተማሪያችሁ በማያነበው ፊደል የምትሠሩ ከሆነ ንድፉን ራሳችሁ ገልብጣችሁ ውሰዱ።

ዋናው ማታለል ግን የመጨረሻው ቀን ላይ ጠበቀኝ። የታጠፈ መስታወት ኒዮን አይደለም፤ ገና ግማሽ ሥራ ነው። በሁለቱ ጫፎች ኤሌክትሮዶች (ኤሌክትሪኩን ወደ ቱቦው የሚያስገቡት ብረቶች) ይበየዳሉ። ከዚያ ባለሙያዎቹ ቦምባርዲንግ የሚሉት ይከተላል፦ 15 ሺህ ቮልትና ከዚያ በላይ በሚያመነጭ ትራንስፎርመር ቱቦው ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እስኪግል ይሞቃል፣ በውስጡ የተጣበቀው እርጥበትና ቆሻሻ ሁሉ ተነቅሎ በቫኪዩም ፓምፕ ይወጣል። ጋዙ የሚሞላው ከዚህ በኋላ ነው። ኒዮን ብርቱካናማ ቀይ ይሰጣል፤ ለሰማያዊ ደግሞ አርጎን ከሜርኩሪ ጠብታ ጋር ይገባል። ይህ ሁሉ በ780 ዶላሩ ውስጥ የለም! ለሁለቱ ፊደላት ሙሌት 260 ዶላር፣ ጽሑፉን ለሚያበራው ትራንስፎርመር 140 ዶላር ተጠየቅሁ። ማስታወቂያውን ተመልሼ ሳየው «ሙሌትና ኤሌክትሪክ ዕቃ ለብቻ» የሚል መስመር ከገጹ ግርጌ፣ በግራጫ ቀለም፣ ለጉንዳን በሚሆን ፊደል ተጽፏል። «ታዲያ ፎቶው ላይ ያሉት ለምን ይበራሉ?» ስል ጠየቅሁ። «እነሱ ተሞልተዋል» አለኝ፣ አይኑን ሳያሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። በሦስተኛው ሳምንት ሜርኩሪ ያለበት ቱቦ ወድቆ ሲሰበር ረዳቱ በመጥረጊያ ጠረገው። ሜርኩሪ መርዝ ነው፣ አይጠረግም፤ መጥረጊያው ጠብታውን አድቅቆ ይበትነዋል። እንዲህ ሲደረግ ካያችሁ መስኮት አስከፍታችሁ ውጡ፣ ሌላው ቢቀር።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት በኢሜል፣ መልሱ በጽሑፍ እንዲቀር አድርጋችሁ ጠይቁ፦ ስንት ተማሪ ለስንት እሳት? ዋጋው ኤሌክትሮድን፣ ሙሌትንና ትራንስፎርመርን ይጨምራል? ይዤው የምሄደው ሶኬት ላይ ስሰካው ይበራል? ደግሞም የሚያስተምሩት እውነተኛ መስታወት መሆኑን አረጋግጡ፤ ኒዮን እያሉ የኤልኢዲ መብራት ያለበት የፕላስቲክ ገመድ ቆርጦ ማጣበቅ የሚያስተምሩም አሉና። ለማነጻጸር ያህል በ1981 የተመሠረተውን፣ አሁን ግሌንዴል ያለውን የኒዮን ጥበብ ሙዚየም ሄዳችሁ እዩ። በደንብ የተሠራ መታጠፊያ ምን እንደሚመስል ዓይናችሁ ይለምዳል። እኔ የሄድኩት ከተበላሁ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ብቻ በትክክል አድርጌአለሁ፤ የከፈልኩት በክሬዲት ካርድ ነው። በአሜሪካ ሕግ፣ ክፍያው የታየበት የካርዱ የሂሳብ መግለጫ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ቅሬታን ለካርዱ ባንክ በጽሑፍ ማቅረብ ይቻላል። የማስታወቂያውን ፎቶግራፍ፣ የደቂቃዎቹን መዝገብና የተገለበጠውን «ቡ» ምስል አያይዤ በ41ኛው ቀን ልኬአለሁ። ድርጅቱ በበኩሉ ለሁለተኛው ደረጃ ትምህርት የ20 በመቶ ቅናሽ ሰጥቶኛል።