ሁዌ ወይስ ሆይ አን፦ በማዕከላዊ ቬትናም የትኛዋን ከተማ ማስቀደም ይሻላል?

ታሪክ፦ ሁዌ ከ1802 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. የንጉየን ሥርወ መንግሥት መናገሻ ነበረች። በቬትናም ጦርነት ጊዜ፣ በ1968 እ.ኤ.አ. በተካሄደው ከባድ ውጊያ የቤተ መንግሥቱ ሕንፃዎች አብዛኞቹ ስለ ወደሙ፣ ጎብኚው በቅጥሩ ውስጥ ባዶ መሬትና እንደገና የተሠሩ አዳራሾችን ጎን ለጎን ያያል፤ ይህ ግን የከተማዋን ክብር ይበልጥ ያጎላዋል እንጂ አይቀንሰውም ብዬ አምናለሁ። ከከተማዋ ወጣ ብለው የሚገኙት የነገሥታቱ የሚን ማንግና የቱ ዱክ መካነ መቃብሮችም ብቻቸውን አንድ ሙሉ ቀን ይገባቸዋል። ሆይ አን በአንጻሩ የቻይናና የጃፓን ነጋዴዎች የሰፈሩባት የቀድሞ የወደብ ከተማ ስትሆን፣ ጥንታዊ ቤቶቿ ከጦርነቱ ተርፈዋል።

ምግብ፦ የሁዌ መለያ ቅመሙ የበረታ የበሬ ሥጋ ኑድል ሾርባ ሲሆን፣ የሆይ አን ደግሞ ካው ላው የተባለው ወፍራም ኑድል ነው። በሁለቱም የአሳማ ሥጋ ስለሚገባ፣ የማይበላ ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ። ለጿሚ ሁዌ ትመቻለች፤ በቡድሂስቶች ልማድ የተነሣ ሥጋ የሌለበት ምግብ በብዛት ይገኛልና።

መጓጓዣ፦ ሁዌ የባቡር ጣቢያ አላት። ወደ ሆይ አን የሚሄድ ግን ዳ ናንግ ከተማ ከባቡር ወርዶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ይጓዛል።

ስጋት፦ በጥቅምትና በኅዳር ሁለቱንም ጎርፍ ያሰጋቸዋል።

የነገሥታት ታሪክ ለሚስበውና ሁለት ቀን ላለው ሁዌ ትሻላለች። ከልጆች ወይም ከአረጋውያን ጋር ለሚጓዝ፣ በእግር የምትዳረሰውና ለባሕር ዳርቻ የምትቀርበው ሆይ አን ትመረጣለች።