ፒያሳ ላይ የሚሸጡት «ክረምት ከበጋ» ጃንጥላዎች፦ የትኛው ለጥር ፀሐይ ይደርሳል?

ሐምሌ ላይ ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ቸርችል ጎዳና፣ ከዚያም እስከ ስታዲየም ድረስ ጃንጥላ የያዘ ሻጭ አይጠፋም። የሁሉም ማሻሻጫ አንድ ነው፦ «ክረምት ከበጋ የሚሆን ነው!»

«ክረምት ከበጋ» ማለት ዓመቱን ሙሉ፣ ሳይቋረጥ ማለት ነው። ክረምት ከበጋ መኪና የሚያስገባ መንገድ፣ ክረምት ከበጋ የማይደርቅ ምንጭ፣ ክረምት ከበጋ ደፋ ቀና የሚል ሰው እንላለን። አንዳንዴ ሽሙጥም አለበት፤ «ክረምት ከበጋ ያቺው ካፖርት» የተባለ ሰው አልተመሰገነም። ሻጩ ግን ዝናብም ፀሐይም ይከላከላል ማለቱ ነው። ለገዢው የሚሻለው የቀድሞው ትርጉም ነው፤ ጃንጥላው ሳይቋረጥ ያገለግላል ወይ?

ብዙ የሚሸጠው ቦርሳ ውስጥ የሚገባው ባለ ሦስት እጥፍ ነው። አብዛኛውን ጊዜ 8 ሽቦ አለው፣ የእያንዳንዱ ሽቦ ርዝመትም 55 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ሲዘረጋ አንድ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ራስና ትከሻ ይሸፍናል፤ በጀርባ የሚታዘል ቦርሳና ከጉልበት በታች ያለው ሱሪ ግን ይረጥባሉ። ድክመቱ መገጣጠሚያው ላይ ነው። እያንዳንዱ ሽቦ ሁለት ቦታ ስለሚታጠፍ ነፋስ ሲገለብጠው ስሱ ብረት እዚያው ላይ ይጎብጣል፤ አንዴ የጎበጠ ደግሞ ቢያቃኑትም አይጠነክርም። ከመግዛትዎ በፊት የሽቦውን ጫፍ በሁለት ጣት ይዘው በትንሹ ለመጥ ያድርጉት። ፋይበር ግላስ ከሆነ ወዲያው ይመለሳል፣ ስስ ብረት ከሆነ እንደተጣመመ ይቀራል። ሻጩ ፊቱን ሊያጠቁር ይችላል፤ ያጥቁር።

ከተገለበጠ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አይጎትቱ። ጀርባዎን ለነፋሱ ሰጥተው እንደሚዘጉት አድርገው ወደ ታች ይሳቡት፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ይመለሳል።

በቁልፍ የሚከፈተውም የሚዘጋውም ዓይነት ተፈላጊ ነው፤ ታክሲ ሲገቡ በአንድ እጅ ይዘጋልና። ችግሩ ሞላው ነው። ቁልፉ ጨርቁን ብቻ ይሰበስባል፣ ዘንጉን ግን «ቀጭ» እስኪል ድረስ በኃይል መግፋት የእርስዎ ሥራ ነው። መንገድ ላይ ከለቀቁት ዘንጉ ተፈናጥሮ ይወጣል፣ ያውም ወደ ጎረቤት ተሳፋሪ። በቁልፍ ተከፍቶ በእጅ የሚዘጋው የሚበላሽ ክፍሉ አነስተኛ ስለሆነ ዕድሜው ይረዝማል።

በውስጥ በኩል ብርማ ቅብ ያለው ለፀሐይ ተብሎ የሚሸጠው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች ፀሐይዋ አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖም ቆዳ ታቃጥላለች፤ ስለዚህ ቅቡ ጥቅም አለው። ዘርግተው ወደ ሰማይ ያዙት፤ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል ብርሃን ካሳለፈ ይተዉት። ይህ ቅብ ግን እርጥብ ሆኖ ታጥፎ ሲቀመጥ በእጥፋቱ መስመር ላይ እየተሰነጠቀ ይላጣል። ብርማ ቅብና ሦስት እጥፍ አንድ ላይ የሆኑበት ጃንጥላ «ክረምት ከበጋ» ለመባል የመጨረሻው ነው፤ ክረምቱ ራሱ የበጋውን ሥራ ያበላሽበታል።

ቃሉን የሚጠብቀው የማይታጠፈው ረጅሙ፣ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ወይም ደማቅ ሰማያዊ ጨርቅ ያለው፣ 8 የፋይበር ሽቦ ያለው ነው። ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ጨርቅ ያለ ቅብም ፀሐይን በደንብ ይከላከላል። ባለ 16 ሽቦው ዓይን ይማርካል፤ ነገር ግን ሽቦዎቹ ብዙ ጊዜ ቀጫጭን ናቸው፣ የስፌቱ መስመርም ከባለ 8 ሽቦው እጥፍ ነው። ውኃ ቀድሞ የሚያንጠባጥበው ደግሞ በስፌቱ ቀዳዳ ነው። ጨርቁን ለመፈተን ጥቂት ውኃ ጠብ ያድርጉበት፤ እየተንከባለለ ከወረደ ጥሩ፣ ተንሰራፍቶ ካጠቆረው ግን ዶፍ አይችልም።

ጊዮርጊስ አካባቢ በንዋያተ ቅድሳት መሸጫዎች የሚታዩት ባለ ዘርፍ ከፋይ ጃንጥላዎች የተሠሩት ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ነው፤ ከዚህ ግምገማ ውጭ ናቸው።

ቤት ሲገቡ ዘርግቶ ጥላ ውስጥ ማድረቅ ግዴታ ነው። አናቱ ላይ ሽቦዎቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚይዝ ቀጭን ክር የመሰለ ሽቦ አለ፤ እርጥበት አዝጎ ሲበጥሰው ጃንጥላው ሙሉ በሙሉ ይፈታል። መስከረም ላይ መገጣጠሚያዎቹን አንድ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይቀቧቸው፣ ትርፉን በጨርቅ ይጥረጉ። ጨርቁ ከሽቦው ጫፍ ከተላቀቀ በናይሎን ክር ሁለት ሦስት ጊዜ መስፋት ይበቃል፤ መርፌ ከሌለዎት ጫማ ሰፊ ይሠራዋል። መገጣጠሚያው የጎበጠ ባለ ሦስት እጥፍ ግን የጥገና ገንዘብ አይገባውም።

ዝናቡ እየወረደ የሚገዛ ሰው የመከራከር አቅም የለውም፤ ግንቦት ላይ ይግዙ። ሂሳብ ከመክፈልዎ በፊትም እዚያው አምስት ስድስት ጊዜ ከፍተው ይዝጉት፤ ሞላው የሚያንቀው ከሆነ ያኔ ይታወቃል።