መርፌ መቀየር ወይስ አዲስ ማጫወቻ?

ደብረ ብርሃን ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ ማታ ጋቢ ደርቦ ሸክላ መስማት ነው እንጂ! ግን የአባትን አሮጌ ማጫወቻ ማደስ ይሻላል ወይስ ያንን ሻንጣ የሚመስለውን አዲሱን መግዛት?

እኔ ለአሮጌው ነኝ። ሻንጣው ስፒከሩ አብሮት ስላለ ሰክቶ መስማት ነው፤ ይሄ አይካድም። ችግሩ መርፌውን የያዘው ክንድ ላይ ነው። ብዙዎቹ ካርትሪጃቸው (ክንዱ ጫፍ ላይ መርፌው የሚሰካበት ክፍል) ሴራሚክ ስለሆነ መርፌው ሸክላውን በ5 ግራም አካባቢ ይጫነዋል። ለማግኔቲክ ካርትሪጅ 2 ግራም ገደማ ይበቃል። በ1960ዎቹ አምሃ ሪከርድስ ያሳተማቸውን የመሰሉ ሸክላዎች ደግሞ አንዴ ከተቧጨሩ ምትክ ማግኘት ፈተና ነው።

አሮጌውም ጣጣ አያጣውም። ካርትሪጁ ማግኔቲክ ከሆነ ፎኖ ፕሪአምፕ፣ ማለትም ከመርፌው የሚመጣውን ደካማ ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ፣ ይፈልጋል፤ ያለሱ ድምፁ ይሰልላል። የጎማ ቀበቶው ከላላ ደግሞ ዘፋኙ መጎተት ይጀምራል፣ የሰርግ ዘፈኑ ለቅሶ ይሆናል። ቀበቶ ግን ብዙ አያስወጣም። መርፌ ስትገዛ የካርትሪጁን ሞዴል አይተህ ግዛ፤ ዝም ብሎ አይገጥምም። የተረፈህን ብር ስፒከር ላይ አውለው።

ሻንጣውን የምመክረው የአሮጌው ሞተር ጨርሶ ከሞተ ብቻ ነው። ያኔም ቢሆን የክንዱን ክብደት ማስተካከል የሚቻልበትን ፈልግ።