«ሪመምበር ሚ» ብዬ አለቃዬን ያስደነገጥኩበት ኢሜይል፣ እና ያዳኑኝ መምህር

ይሄን ጽሁፍ ልጽፍ ካሰብኩ ሁለት ወር አለፈኝ። ዛሬ ግን አላስችል አለኝ። አንድ የእንግሊዝኛ መምህር አሉ፣ ጡረታ የወጡ። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጠቅስ አስምለውኛል። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልቻልኩም። ስለዚህ ስም ሳልጠራ አመሰግናቸዋለሁ። የፈለገ ኢንቦክስ ያድርገኝ።

ከኢሜይሉ ልጀምር።

አለቃዬ አማርኛ አትችልም። የምንጻጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ማታ፣ ስለ አንድ ሪፖርት ነገ እንድታስታውሰኝ ፈለግኩና «ፕሊስ ሪመምበር ሚ ቱሞሮው» ብዬ ላኩላት። ነገ አስታውሺኝ ማለቴ ነው። ምን ችግር አለው? ስልኬን አጠፋሁና ተኛሁ። ጠዋት ሳበራው አራት መልእክት ተደርድሮ ጠበቀኝ። «ደህና ነሽ?» «ሥራ ልትለቂ ነው እንዴ?» «የሆነ ነገር ደረሰብሽ?» አራተኛውን ለማንበብ አቅም አጣሁ። ለካ የጻፍኩት የስንብት ቃል ነው። እኔ ነገ የለሁም፣ አስቡኝ እንደ ማለት!

ነገሩ ቀላል ነበር። በአማርኛ «አስታወስኩ» ብዬ ስለ ራሴ እናገራለሁ፣ «አስታወሰችኝ» ብዬ ስለ ሌላ ሰው እናገራለሁ። ግሡ ያው አንድ ነው። እንግሊዝኛ ግን ለሁለት ከፍሎታል። ራስሽ ስታስታውሺ ሪመምበር፣ ሰው ሲያስታውስሽ ሪማይንድ። ይሄን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሳልማር ቀርቼ እንዳይመስላችሁ። ከእሳቸው በፊት ሁለት ቦታ ከፍዬ ተምሬያለሁ። የመጀመሪያው ቦታ የግስ ዝርዝር በሦስት ረድፍ አስገለበጡን። ደብተር ሙሉ። «ላይ፣ ሌይ፣ ሌይን። ሌይ፣ ሌይድ፣ ሌይድ።» መጀመሪያ ላይ ያለው ሌይ እና ሁለተኛው ላይ ያለው ሌይ ልዩነቱ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅ፣ «ዝም ብለሽ ሸምድጂ፣ ፈተና ላይ ይመጣል» ተባልኩ። ሸመደድኩ። ፈተናው ላይም መጣ። አለፍኩ። አፌ ላይ ግን አልመጣም።

ሁለተኛውን ባልናገር ይሻላል፣ ግን እናገራለሁ። ክፍል ውስጥ አስቁሞ የሚያስነብብ አስተማሪ ነበር። አንድ ቀን ፈተና ወደቅኩ ለማለት «አይ ፌል ዘ ኤግዛም» አልኩ። ሰውዬው ሳቀ። ክፍሉም ተከትሎት ሳቀ። ከዚያ መሬት ላይ እንደ መውደቅ አድርጎ በአካሉ አሳየ። ትክክለኛውን ቃል ግን አልነገረኝም! ስቆ አለፈ። ሁለተኛ እዚያ አልሄድኩም። የቀረው የኮርስ ክፍያም አልተመለሰልኝም። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ስብሰባ ላይ አፌን አልከፈትኩም። የምለው እያለኝ ማለት ነው።

መምህሩን የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። በቪዲዮ ነው የሚያስተምሩት። የመጀመሪያው ቀን ደብተሬን ይዤ፣ ሦስቱን ረድፍ ገልጬ ተቀመጥኩ። «እሱን አስቀምጪው» አሉኝ። አስቀመጥኩት። «አሁን ምን አደረግሽ?»

«አስቀመጥኩት።»

«ተቀመጥኩት ለምን አላልሽም?»

ሳቄ መጣ። እንዴት ነው ተቀመጥኩት የሚባለው? «ማን ነገረሽ እንደማይባል?» አሉኝ። ማንም አልነገረኝም፣ እንዲሁ አውቀዋለሁ አልኳቸው። «ተኛሁ፣ አስተኛሁ። ተነሳሁ፣ አነሳሁ። ተማርኩ፣ አስተማርኩ። ተበደርኩ፣ አበደርኩ። አንዱንም አሳስተሽ ታውቂያለሽ?» በፍጹም። «እንግዲያው ልዩነቱን ታውቂዋለሽ ልጄ። የጎደለሽ የእንግሊዝኛ ስሙ ነው።»

እንባዬ መጣ ብል ታምኑኛላችሁ? ስንት ዓመት ራሴን ደደብ ነሽ ስል ኖሬ።

እኛ «ተ» እና «አ» እየቀያየርን የምንጨርሰውን፣ እንግሊዝኛ ሌላ ቃል ያመጣበታል። ተነሳ ራይዝ ነው፣ አነሳ ሬይዝ። ዋጋ በራሱ ሲጨምር ራይዝ፣ አንድ ሰው ዋጋውን ሲጨምረው ሬይዝ። እጅ ማውጣትም ልጅ ማሳደግም ሬይዝ ነው፣ አድራጊና ተደራጊ አለውና። ሬይዝ ድሮ ከቫይኪንጎች ቋንቋ የገባ ቃል ነው ብለው አንድ ነገር አስረድተውኝ ነበር። በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ። ይሄ ልዩነት በሰዋስው ትራንዚቲቭ፣ ኢንትራንዚቲቭ የሚባለውንም ዛሬ ብትጠይቁኝ እደናበራለሁ። አፌ ግን አይሳሳትም።

የላይና የሌይን ነገር እንዴት እንዳስያዙኝ ስሙ። «ላይ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ስጦታ ነው» አሉ። «ሰውየው የት ነው? አልጋ ላይ። ሶፋ ላይ። ራሱ ጋደም ብሏል፤ ላይ።» አለቀ! ሌይ ደግሞ ዕቃውን አንቺ ስታስቀምጪው። ከዚያ ፈራ ተባ እያሉ «የላይ የትናንቱ ግን ሌይ ነው» ሲሉኝ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። እሳቸውም ሳቁ። «እዚህ ጋ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም ራሳቸው ይሳሳታሉ፣ ስለዚህ አትዘኚ» አሉኝ። አንድ አስተማሪ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

ቦሮው እና ሌንድም እንደዚያው። እኔ «ካን ዩ ቦሮው ሚ» እያልኩ ነበር የኖርኩት። እሳቸው ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፣ «ዕቃው ወደ አንቺ ነው ወይስ ከአንቺ?» ወደ እኔ ከመጣ ቦሮው፣ ከእኔ ከሄደ ሌንድ። አማርኛማ እንዲያውም ይበልጣል አሉ። ያው ዕቃ ሲመለስ መዋስ፣ ገንዘብ ሲሆን መበደር እያለ ይለያል። እንግሊዝኛው ለሁለቱም ቦሮው ብሎ ያልፈዋል። ቋንቋዬን እንዲህ ኮርቼበት አላውቅም።

ያቺን የፈተናዋን ነገርም ነገርኳቸው። አልሳቁም። «ፈተና መውደቅ ፌይል፣ ደረጃ ላይ መውደቅ ፎል፤ ፌል ያልሽው የፎል የትናንቱ ነው» አሉ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ዌይት እና ኤክስፔክትን፣ ሁለቱም ለእኛ «መጠበቅ» ስለሆኑ የምንደናገርባቸውን፣ «ዌይት ሰዓትሽን ይበላል፣ ኤክስፔክት ሀሳብሽ ውስጥ ነው» ብለው ጨረሱት። ቲቪ ክፈቱ ለማለት «ኦፕን ዘ ቲቪ» ስል ደግሞ «ካቻቢቴ ላምጣልሽ?» አሉኝ። ተርን ኦን መሆኑን ከዚያ ወዲህ ረስቼው አላውቅም።

ግን ከሁሉም የማልረሳው ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ለብዙ ሰው ፕረዘንቴሽን ማቅረብ ነበረብኝ። ዋዜማው ላይ ፍርሃቱ ያንቀጠቅጠኝ ጀመር። የትምህርት ቀናችን አልነበረም። ደወልኩላቸው። «ለእኔ አቅርቢልኝ» አሉ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አቀረብኩ። አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጡኝም። ሲጽፉ ብቻ ይታየኛል። ስጨርስ፣ «በጣም ገብቶኛል። ሦስት ነገር ብቻ እናስተካክል» አሉኝ። ሦስቱን አስተካከልን። በማግስቱ አቀረብኩ፣ ሰው ጥያቄ ጠየቀኝ፣ መለስኩ። ደህና ወጣሁ። ከሳምንት በኋላ ያንን ወረቀት እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ወደ ካሜራው ጠጋ አደረጉት። ሃያ ስድስት ስህተት! «ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው። «ያን ማታ ሃያ ስድስቱን ብነግርሽ ጠዋት ትቀሪ ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ እቀር ነበር።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ዓመታት ተምራችሁ አፋችሁ የሚያያዝባችሁ ሰዎች፣ እሳቸው ጋ ሂዱ። ልጆቻችሁንም ላኩ። እንደገና እላለሁ፣ ሂዱ። ታጋሽ ናቸው፣ ሰው አያሳፍሩም፣ ሲያስረዱ ከአማርኛችሁ ይነሳሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ አርፍዳችሁ ከገባችሁ ይቆጣሉ። በዚህ ላይ ቀልድ የለም።

በአንድ ጊዜ ብዙ ተማሪ ስለማይቀበሉ መጀመሪያ ለእኔ ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ሳልመልስ ከቆየሁ ደግሞ አስታውሱኝ። ሪማይንድ ነው ታዲያ፣ ገና አለሁ።