ኤችቢ-1307 የገብስ ዘር፦ ለወሎ ደጋ መኸር ይሆናል፣ ለበልግ አይገዛም

ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው ኤችቢ-1307 ዘለላው ፍሬውን በስድስት መስመር የሚይዝ የምግብ ገብስ ነው። ኩታበር ወይም ለጋምቦ ላይ፣ ውኃ በማያቁር መሬት በሰኔ ከተዘራ ዋጋውን ያወጣል። ለበልግ ግን አንመክረውም፤ ዝናቡ ግንቦት ላይ ሲያጥር እሱ ገና ሲያዘረዝር (ዘለላ ሲያወጣ) ቶሎ ደራሹ የአገሬው ገብስ እሸት ሆኗል።

ዘር ሲገዛ "ስንት ኩንታል ይሰጣል?" ከማለት በፊት "በስንት ቀኑ ያዘረዝራል?" ማለት ይሻላል። ገብስ ቀኑ ሲረዝም ለማፍራት የሚቸኩል ተክል ነው። በሰሜን አውሮፓ ሰኔ ላይ የቀኑ ብርሃን ከ16 ሰዓት ያልፋል። ወሎ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። ስለዚህ ለዚያ አገር የተዳቀለ የቢራ ገብስ እዚህ ቅጠል ሲያበዛ ሊከርምና ፍሬው ሳይሞላ የጥቅምት ውርጭ ሊደርስበት ይችላል። ብርድ ካልጠገበ የማያፈራው ዓይነትማ ሣር ሆኖ ይቀራል።

ኩንታል ከመጫን በፊት 2 በ5 ሜትር መደብ ላይ ይሞከር። በ20 ሳንቲሜትር ርቀት 10 መስመር ይወጣዋል፤ ለአንዱ መስመር 12.5 ግራም ዘር፣ ለመደቡ 100 ግራም ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ይበቃል። ጎኑ የአገሬው ገብስ በዚያው ቀን ይዘራ። ይኸው ጥንድ ከማሳው ራስ፣ ወገብና ግርጌ ቢደገም የአፈሩ ልዩነት አያሳስትም። ከተክሉ ግማሹ ዘለላ ያወጣበት ቀን ይመዝገብ። ሲታጨድ ዳርና ዳር ያሉት ሁለት መስመሮች ይተዉ፤ ብርሃንና አፈር ስለሚተርፋቸው ምርቱን ያጋንናሉ። ከቀሩት 8 መስመሮች የሚገኝ 800 ግራም በሄክታር 10 ኩንታል ማለት ነው።

ዋልካ ላይ ከታች ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ብዙ ሰው ዩሪያ ይደፋል። ሥሩ የታፈነው በውኃ ነውና ቦይ ይቅደም። ቅጠሉ ተጠቅልሎ ነጭ መስመር ካወጣ ተገልጦ ይታይ፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ ክሽክሽ የሚባለው ቅጠል መጣጭ ተባይ አለ።

ለቆሎ ከሆነ ሰነፍ ቆሎ የሚባለውን የገብስ ዓይነት የሚተካ አይደለም፤ ያኛው ልብሱን በቀላሉ ይጥላል፣ ይህ ሙቀጫ ይፈልጋል። (ስንፍና የተመሰገነበት እህል እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።) ለእንጀራና ለበሶ ግን አያሳፍርም።

ጆንያው ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ አይታመን። 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ አንድ ሳምንት ይቆይ፤ 85 ካልበቀለ ከመዝራት መመለስ።